ሁለት ብርሌ የምታክል ሞተር

ደብረ ማርቆስ አስፋልት ዳር ቆማችሁ፣ የሚያልፈውን የቤት መኪና ሁሉ «ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። እኔ ግን ሁለት እሑድ ሙሉ አድርጌዋለሁ። ያውም ደብተር ይዤ። አንዱ ሹፌር ትራፊክ መስዬው ቀበቶውን አሰረ። ሌላው ግብር ሰብሳቢ መስዬው ነው መሰል፣ መኪናዋ የእሱ እንዳልሆነች ምሎ ነገረኝ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ከአንድ ሺህ ሲሲ በታች የሆነ አንድም አላገኘሁም። ባጃጅን አልቆጠርኩም። ባጃጅን መኪና ነው ብል ባለመኪኖች ይቀየሙኛል፤ አይደለም ብል ባለባጃጆች። የአንድ ትንሽ ከተማ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ነገ ይፈልጋቸዋል።

ሲሲ ምንድን ነው ለምትሉ፣ በሞተሩ ሆድ ውስጥ አየርና ነዳጅ ገብቶ የሚነድበት ባዶ ቦታ ስፋት ነው። አንድ ሺህ ሲሲ አንድ ሊትር ይሆናል። ታዲያ ጃፓኖች ስድስት መቶ ስልሳ ሲሲ ብቻ የሆነ ሞተር ያላት መኪና አለቻቸው። ለአገራቸው ገበያ የሚሠሯት፣ ለሌላው እምብዛም የማይሸጧት። ስድስት መቶ ስልሳ ማለት እኮ ሁለት ብርሌ ጠጅ ቢንቆረቆርበት ጢም የሚል ነገር ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ስለሆንኩ ብርሌውን በመለኪያ ብልቃጥ ለክቼዋለሁ። ከተለካ በኋላ ጠጁ የት ገባ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ለምን ለእኛ አይሸጧትም? እኛ ትንሽ ነገር የማንወድ ሆነን ነው? «ትንሽ ቆሎ ይዘህ ወደ አሻሮ ተጠጋ» ያለው የማን አገር ሰው ነው?

ጥያቄው ዝም ብሎ አልመጣብኝም። ያመጣው የእቴቴ የሺ ጉልበት ነው።

እቴቴ የሺ የአጎቴ የጋሼ አለበል ባለቤት ናቸው። ግራ ጉልበታቸው መታጠፍ ከተወ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠበል ተጠመቁ፣ ሐኪም አዩ፤ ሕመሙ ቀነሰ፣ እግሩ ግን እንደ ተተከለ ችካል ቀረ። ታላቅ እህታቸው እታለም ጥሩ የሚኖሩት ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ወደ ቾቄ ተራራ ሲወጣ ነው። ወደዚያ የሚሄደውን ሚኒባስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጉልበት ታጥፎም አይበቃው፣ እንኳን ተዘርግቶ። እና እህትማማቾቹ ሁለት ዓመት አልተያዩም።

ስልክ የለም ወይ? አለ። ነገር ግን የእታለም ጥሩ ጆሮ ደክሟል። እቴቴ እንደ ማስታወቂያ ነጋሪ ይጮኻሉ፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ እታለም ጥሩ ብቻ አይሰሙም። አንድ ቀን ስልኩን ዘግተው፣ «እኔ ድምፅዋን ሰማሁ። እሷ ግን ማን እንደደወለላት ሳታውቅ ዋለች» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሼ አለበል ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና ማፈላለግ ያዙ።

ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። የዕድሜ ልክ ስፌታቸው ተጠራቅሞ የሚገዛት አንዲት መኪና ተገኘች፤ አምበር ከተማ ያለ አንድ የእህል ነጋዴ የሚሸጣት፣ ያቺው ስድስት መቶ ስልሳዋ። እንዴት አምበር እንደደረሰች ሦስት ሰው ጠይቄ አራት መልስ አግኝቻለሁ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል። የፊት ወንበሯ ወደ ኋላ ሲገፋ የእቴቴ እግር እንደ ልቡ ይዘረጋል። ከእሷ ከፍ ያለ መኪና በጋሼ አቅም አይሞከርም። ወይ እሷ ወይ ምንም። ነጋዴውም እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ አለ።

ጋሼ አስጠሩኝ። «እኔ ጨርቅ እንጂ ብረት አላውቅም» አሉኝ። «የሮብ ገበያን ዳገት ትወጣለች ካልከኝ እገዛለሁ። አትወጣም ካልከኝ እተዋለሁ። አንዲት ቃል ብቻ።»

አንዲት ቃል! እኔ እኮ ጃንጥላ ለመግዛት ሱቅ ለሱቅ ተመላልሼ፣ የሽቦውን ብዛት ቆጥሬ፣ ጨርቁን ውሃ አፍስሼ ፈትሼ፣ በመጨረሻ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ የገዛሁ ሰው ነኝ። ይህን ብነግራቸው፣ «ለዚያ አይደል አንተን የጠራሁ!» አሉኝ።

መመርመር ጀመርኩ። ስልኬን ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ሕግ ነው። ጃፓን ውስጥ መኪናዋ ከዚህ ርዝመት፣ ከዚህ ወርድ፣ ሞተሯም ከስድስት መቶ ስልሳ ካልበለጠ ቀረጡ ይቀላል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ልክ ወሰኑ ላይ አድርሰው ይቆማሉ። ያ ሕግ በሌለበት አገር ያን ያህል መጨናነቅ ምን ይጠቅማል? ሌላው አገር ለራሱ ሕግና ለራሱ መንገድ የሚሆነውን ይፈልጋል። ይህን ለጋሼ ሳስረዳ ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ ጨረሱልኝ። «በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ነዋ። ኮቱ መጥፎ አይደለም፤ ትከሻው ነው የሌላ።»

እኔ ሦስት ሌሊት ያነበብኩትን!

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ቆላ ላይ የሚያገኘውን አቅም ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ሩብ ያህሉን ያጣል። ሁለት ብርሌ የነበረው አንድ ብርሌ ተኩል ሆነ ማለት ነው። ወደ ቾቄ በወጣን ቁጥር ደግሞ ከግማሿም ይቀነሳል። ትልቅ ሞተር ሩቡ ቢሄድበት የሚተርፈው አለው። ትንሿ ከምኗ ታካፍላለች?

መካኒኩ ሙሉቀን ሦስተኛ ምክንያት ጨመረልኝ። «መለዋወጫ የለማ» አለኝ። ለምን የለም? መኪናዋ ስለሌለች። መኪናዋስ ለምን የለችም? መለዋወጫ ስለሌለ። ይህን በደብተሬ ስጽፍ አይቶ ሳቀብኝ። «ዶክተር፣ አንተ ጻፍ። ባጃጅ በሁለት መቶ ሲሲ ስንት ሰው ነው የምትጭን?» አለ። ባጃጅ ቾቄ ወጥታ ታውቃለች ወይ ስለው፣ «ማን ጠይቋት!» ብሎ መኪናው ሥር ገባ።

የቀረኝ ክብደት ነው። መመሪያዋ ላይ አራት ሰው ይላል። የትኞቹ አራት ሰዎች? የጃፓን ሰውና የጎጃም ሰው እኩል ይመዝናል? ቤተሰቡን ወፍጮ ቤት ወስጄ በኩንታል ሚዛኑ ላይ ላቆማቸው አሰብኩ። እኔ ተመዘንኩ። ጋሼ እያጉረመረሙ ተመዘኑ። እቴቴ ግን በምርኩዛቸው ሚዛኑን ገፋ አደረጉት። «ነፍስ የሚመዝን ቅዱስ ሚካኤል ነው። ሥጋ የሚመዝን ሥጋ ቤት ነው። አንተ የትኛው ነህ?»

ጋሼ ግን ሚስታቸውን አርባ ዓመት በሜትር ያውቋቸዋል። ወገባቸውንና ቁመታቸውን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ እኔም የሞተር ሆድ በሚሰላበት የሲሊንደር ቀመር እቴቴን አሰላኋቸው። አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።

ሂሳቤ እንዲህ አለ፦ አራት ሰው፣ ያለ ጭነት፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ለጥቂት ትወጣለች። ይህቺ «ለጥቂት» ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ትወጣለች ብዬ ብትቆም፣ የጋሼ ዕድሜ ልክ ስፌት መንገድ ላይ ቀረ። አትወጣም ብዬ የምትወጣ ብትሆን፣ እህትማማቾቹን የለየሁ እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅዳሜ እንሞክራት ብዬ ለመንኩ። ነጋዴው ፈቀደ። ሙሉቀን መሪ ያዘ፤ እቴቴ ከፊት እግራቸውን ዘረጉ፤ ጋሼና እኔ ከኋላ።

ከከተማ እንደወጣን ደስ ስትል! ሙሉቀን እያፏጨ፣ እኔ ማርሹን በየደቂቃው እየመዘገብኩ። ከዚያ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውን ይዘው ዳገቱን ቀስ እያሉ ሲወጡ አየን።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ባዶ ቦታ ያለው መኪና ቄስ አልፎ ይሄዳል? በእኛ አገር? ጋሼ «አቁም» አሉ። እኔ ቀስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ሂሳቡ እኮ የአራት ሰው ነው» አልኳቸው።

«ሂሳብህን ወዲያ ጠጋ አድርገውና አባ ይቀመጡ» አሉኝ።

አባ መርቀውን ተቀመጡ። ብዙም ሳንሄድ አንዲት አሮጊት፣ ጤፍ የሞላ ማዳበሪያ መንገድ ዳር አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ደረስን። ሙሉቀን ጋሼን በመስታወት አያቸው። ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔ ደብተሬን አየሁ። አባ፣ «ኧረ እናት ናት» አሉ። ጤፉ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠ።

ዋናው ዳገት ላይ ስንደርስ ሙሉቀን ማፏጨቱን ተወ። አንደኛ ማርሽ ገባ። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ እግረኛ ሰላም ብሎን ቀድሞን ሄደ። እቴቴ ዳሽቦርዱን እንደ በቅሎ አንገት እያሻሹ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏታል። እኩሌታው ላይ ቆመች። ጤፉን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ዘልዬ ወረድኩና ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ወሸቅኩ።

«ሁለት ሰው ይውረድና ትሄዳለች» አለ ሙሉቀን።

ማን ይውረድ? አባ ሊነሱ ጃንጥላቸውን ፈለጉ። ጋሼ ደነገጡ፤ ቄስ አውርጄ ምን እባላለሁ አሉ። አሮጊቷ ይውረዱ? ከነጤፋቸው? እቴቴማ የመጣንበት ምክንያት ናቸው። ሙሉቀን መሪ ይዟል። በዚህ መሐል አሮጊቷ፣ መኪናዋ የማን ልትሆን እንደሆነ ከየት ይወቁት፣ ጋሼን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«አንተ እንኳ ጠንካራ ነህ። ውረድ እንጂ! በሰው መኪና ገብቶ ማስጨነቅ ምንድን ነው?»

ጋሼ ወረዱ። «እውነትሽን ነው፣ እናቴ» ብለው በሩን በቀስታ ዘጉላቸው። እኔም እንደወረድኩ ቀረሁ። ድንጋዩን አነሳሁ። መኪናዋ እንደገና ጮኸች፣ አፈር በተነችብን፣ ከዚያ ዳገቱን ተያያዘችው። ኩርባው ላይ ስትሰወር የእቴቴ እጅ በመስኮት ወጥቶ አየሁት። ለእኛ ይሁን ለተራራው አላወቅሁም።

በእግር ወጣን። ነፋሱ ብርድ አለው። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከፊቴ ይራመዳሉ። እኔ ውስጥ ውስጡን ቃሌን እያዘጋጀሁ ነበር። ሂሳቡ ግልጽ ነው። ለካ ይህቺ ሞተር እኛ ጋ የማትሸጠው ሕጉም አየሩም ሆኖ ብቻ አይደለም። የእኛ መኪና ስንት ሰው እንደሚጭን ከቤት ሲወጣ አይታወቅማ! የትኛው መሐንዲስ ነው ለማይታወቅ ቁጥር ሞተር የሚሠራ? ስለዚህ ቃሌ «አትወጣም» ነው። ደብተሬን አወጣሁ። ጻፍኩት።

እታለም ጥሩ ግቢ ስንደርስ መኪናዋ አጥሩ ሥር ቆማለች። ሙሉቀን ጠላ ይዟል። እህትማማቾቹ ደጃፉ ጋ አንድ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የእቴቴ እግር ወደ ፀሐይ ተዘርግቷል፤ አፋቸው የእታለም ጥሩ ጆሮ ላይ ነው። ሹክ ይላሉ። ሁለት ዓመት በስልክ የተጮኸው ሁሉ አሁን በሹክሹክታ እየገባ ነው። እታለም ጥሩ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ጋሼ ጫማቸውን አራግፈው ወደኔ ዞሩ። «እህ፣ ቃልህን ስጠኝ።»

ደብተሬን ገለጥኩ። «ጋሼ፣ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን አየነው እኮ። አትወጣም። እኛን አልቻለችም።»

እቴቴ ከእህታቸው ጆሮ ላይ ቀና አሉ።

«እናንተን ማን ጠራችሁ?»

ጋሼ ሰኞ መኪናዋን ገዙ። አሁን በወር አንዴ፣ ሙሉቀን መሪ ይዞ፣ እቴቴ ከፊት፣ ከኋላ ደግሞ መንገድ ላይ የተገኘ ቄስና አሮጊት ተጭነው ሮብ ገበያን አልፈው ይወጣሉ። ጋሼ ዳገቱ ሥር ወርደው በእግራቸው ይከተላሉ። መኪና ከገዙ ወዲህ ሆዳቸው ጠፍቷል፤ ሱሪያቸውን ሁለት ጊዜ ራሳቸው አጥብበውታል።

እኔም ደብተሬ ላይ የጻፍኩትን ሰርዤ እንደገና አሰብኩ። ሕጉ ልክ ነው፣ አየሩ ልክ ነው፣ ጭነቱም ልክ ነው። ፋብሪካዎቹ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተሳሳቱ ይመስለኛል። ባለመኪናው የግድ መሳፈር አለበት ብለው ነው ያሰሉት።