የወይዘሮ ቱሚ አንደኛ

በእኛ የምርጫ ክልል ሰው ሁሉ ያለ ኀፍረት የሚዋሽበት አንድ ቦታ አለው፤ እሱም የገዛ በሩ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ኃጢአቱን አንድም ሳያስቀር የሚናዘዝ፣ የጎረቤቱን ድመት እንኳ ሰላም ሳይል የማያልፍ ጨዋ ሰው፣ የምርጫ ሰሞን በሩ ሲንኳኳ ፊቱን ፈታ አድርጎ "አይዞህ፣ አንደኛዬ ያንተ ነው" ይላል። እኔ የአየርላንዷን ከተማ የኮርክን ሰሜናዊ ዳገት ለቅስቀሳ ስወጣና ስወርድ አርጅቻለሁ። ጉልበቴ አልቋል፤ ጫማዬም ደርቆ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን "አልመርጣችሁም" ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚስቴ ወንድም ነው።

አንደኛ ማለት እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ ድምፅ የሚሰጠው ምልክት በማድረግ አይደለም። ከምትወደው ዕጩ ስም ጎን አንድ፣ ከሚቀጥለው ጎን ሁለት፣ እያልክ እስኪሰለችህ ትወርዳለህ። አንደኛህ ከወደቀ ድምፅህ ለሁለተኛህ ይተላለፋል። ለአንድ መራጭ የተሰጠው አንድ "አንድ" ብቻ ነው፤ ሁለት ቦታ የጻፈው ሰው ወረቀቱ ይጣላል። የክብርት ወይዘሮ ኮንሴፕታ ቱሚ አንደኛ ግን አያልቅም።

ቤታቸው የዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የመንገዱ የመጀመሪያ ቤት ነው። በሩ ላይ የነበረውን ቁጥር ነፋስ ስለወሰደው፣ ራሳቸው በቀይ ቀለም 1 ቁጥር ጽፈውበታል። አጻጻፋቸው አይረሳም። ከላይ የተንጠለጠለ ረጅም አፍንጫ፣ ከታች ደግሞ ቦት ጫማ የመሰለ እግር አለው። የከተማችን ፖለቲከኛ ሁሉ፣ ወይዘሮዋ የቤት ጫማቸውን እየጎተቱ መጥተው እስኪከፍቱለት ድረስ፣ ዝናብ እየመታው ያንን ቀይ አንድ ሲያይ ነው የሸበተው።

"ማነው?" ይላሉ ከውስጥ።

"ኮርኒ ነኝ፣ ወይዘሮ ቱሚ። ዕጩአችን ዲምፕና ሄጋርቲ ልካኝ ነው።"

"ግባ፣ አንተ ልጅ። እንዲህ ረጥበህ እናትህ ብታይህ ምን ትላለች?"

እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ እኔም ወደ ስድሳው ነኝ። በኮርክ ግን ወንድ እስኪቀበር ድረስ "ልጅ" ነው።

ሻይ ይቀዳል። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ቅቤ ተለቅልቆ ይቀርባል። ቆሞ መመለስ ክልክል ነው። ከዚያ ሕመም ይወራል፤ መጀመሪያ የእሳቸው፣ ቀጥሎ የእህታቸው፣ በመጨረሻ የሟች ባላቸው፣ እሱም ከሞተ በኋላ ብሶበት ነው መሰል በየምርጫው አዲስ በሽታ ይጨመርበታል። ልትሄድ ስትነሳ እጅህን በሁለት እጃቸው ይይዙና እንደ መሐላ ረጋ ብለው ይናገራሉ።

"ለዲምፕና ንገራት። አንደኛዬ የሷ ነው። ቃሌ ቃል ነው።"

እየተጽናናሁ ዳገቱን ስወርድ፣ የተቃራኒው ፓርቲ ዘመቻ ኃላፊ ታይግ ሉሲ እያለከለከ ሲወጣ አገኘዋለሁ። ታይግም እንደኔ ያረጀ ነው፤ ስንጠላላ ብዙ ዘመን ስለኖርን አሁን ተዋደናል።

"ዳቦው ዛሬ እንዴት ነው?" ይለኛል።

"ትናንት የተጋገረ ነው።"

"አንደኛዋን ሰጠችህ?"

"ሰጡኝ።"

"ለኔማ ማክሰኞ ሰጥታኛለች። ዛሬ የመጣሁት አለመሰረቁን ላረጋግጥ ነው።"

አንድ ጊዜ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ ታይግ መጣ። ወይዘሮዋ ቅንጣት ሳይደናገጡ እሱን ሳሎን አስቀመጡትና ዳቦውን ለሁለት ከፈሉት። ግድግዳው ስስ ነው። "አንደኛዬ የናንተ ነው፣ ታይግ። ቃሌ ቃል ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ተመልሰው መጥተው ሲኒዬን ሲሞሉ ዓይናቸው እንኳ አልተሰበረም።

"ወይዘሮ ቱሚ፣ አሁን ለታይግ ምን አሉት?"

"ላንተ ያልኩህን ነዋ።"

"ሁለታችንም እንዴት አንደኛ እንሆናለን?"

ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው፣ የሚያሳዝን ጥያቄ እንደጠየቀ ሰው አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ በዚህ ዝናብ ዳገቱን የወጣ ሰው ሁለተኛ ነህ ይባላል እንዴ?"

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። እሳቸው ግን ጫካ ተክለዋል፤ ከጥላውም ተጠቅመዋል። ደጃፋቸው ያለው የመንገድ መብራት የጠፋ ጊዜ ለመጣው ሁሉ ነገሩ። መብራቱ በራ። በሳምንቱ ስድስት ፓርቲዎች "መብራቱን ያበራነው እኛ ነን" የሚል ወረቀት በየቤቱ በተኑ። ወይዘሮዋ ስድስቱንም ወረቀቶች ከምድጃው በላይ ጎን ለጎን ደርድረው፣ ስድስቱንም ፓርቲዎች በየተራ አመሰገኑ። የሠራው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ነው ሳይመሰገን የቀረው፤ እሱ በራቸውን አላንኳኳም ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው በየመንገዱ አለ፤ ሥራዬ እነሱን ለይቶ ከሒሳብ ማውጣት ነው። ባለፈው ምርጫ ግን ሒሳቡ ራሱ አስጨነቀን። ዲምፕና ነርስ የነበረች፣ ሰው ፊት መናገር የምትጠላ፣ አንድ ዘመን ብቻ ምክር ቤት የተቀመጠች ሴት ናት። ዳገቱ ላይ ያለውን ጤና ጣቢያ ሊዘጉት ሲሉ ከሕሙማኑ ጋር በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አስቀርታዋለች። ክልላችን አምስት መቀመጫ አለው፤ የእሷ አምስተኛው ነበር፤ እሱንም የታይግ ሰው ከሥሯ ሊስበው ደርሷል። ከወደቀች ድጋሚ እንደማትወዳደር ነግራኛለች። እኔም ሌላ ሰው ይዤ ያንን ዳገት የምወጣበት ጉልበት የለኝም።

በምርጫው ዋዜማ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እርጥብ ሳንድዊች እየበላን፣ "ወይዘሮ ቱሚን እርሺያቸው" አልኳት።

"ቃሌ ቃል ነው ብለውኛል እኮ።"

"ለአሥራ አምስቱም ዕጩዎች ነው ያሉት።"

"ይበሉ። እኔን አይዋሹኝም። እግራቸውን ስጠግን የከረምኩት እኔ ነኝ።"

"አይ ዲምፕና።"

"አንተ ሰው ማመን ድሮ ነው ያቆምከው፣ ኮርኒ።"

"የት እንዳቆምኩም አውቃለሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የመጀመሪያው ቤት።"

አልሳቀችም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደፈራች የገባኝ። የፈለገችው ድምፁን ብቻ አልነበረም። ከነዚያ ሁሉ በሮች ቢያንስ አንዱ የእውነት የተከፈተላት መሆኑን ማወቅ ፈልጋ ነበር።

ቆጠራው የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው የሚካሄደው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አራቱ መቀመጫዎች አልቀው፣ ለአምስተኛው ዲምፕናና የታይግ ሰው ብቻ ቀሩ። ልዩነቱ እፍኝ የማይሞላ ስለሆነ፣ አጠራጣሪ የተባሉት ወረቀቶች እንደገና ይታዩ ተባለ። የየዕጩው ተወካዮች ጠረጴዛ ከበን ቆምን፤ ምርጫ አስፈጻሚዋ አንድ በአንድ ታነሳለች። አንዱ መራጭ ዕጩዎቹን ሁሉ ሰርዞ የውሻውን ስም ጽፏል። ሌላው አውቶቡስ ስለመዘግየቱ ረጅም ስድብ ጽፎ "ከታላቅ አክብሮት ጋር" ብሎ ደምድሟል። ደክሞኛል፤ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል፤ ማዛጋት እንኳ ሰልችቶኛል።

ከዚያ አስፈጻሚዋ አንድ ወረቀት አነሳች።

ከላይ እስከ ታች፣ ከአሥራ አምስቱም ስሞች ጎን፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እያንዳንዱ ረጅም አፍንጫውን አንጠልጥሎ ቦት ጫማውን ተጫምቶ ቆሟል። በችኮላ የተጻፈ አልነበረም። አንዱ ከሌላው እንዳያንስ ተብሎ ቁመታቸው እንኳ ተስተካክሏል።

ከመካከላችን ዝናብ ላይ ቆሞ ያንን ቀይ አንድ ያላየ ሰው የለም። ታይግ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ።

"ይኸኛው ዋጋ የለውም" አለች አስፈጻሚዋ፤ ከሌላ ከተማ የመጣች ናት። "የሚቃወም አለ?"

የሚቃወም አልነበረም። ወረቀቱ ከተጣሉት ጋር ተቀመጠ፤ ሁላችንም በዓይናችን ሸኘነው።

"ሰጥታኛለች ብዬህ አልነበር?" አለኝ ታይግ በሹክሹክታ።

"ለኔም ሰጥተዋል።"

"ሁልጊዜም እንዲህ ስታደርግ ኖራ ይሆን?"

"ቃሌ ቃል ነው ሲሉን አልነበር?"

ከወጣቶቹ ተወካዮች አንዷ፣ "ሄደን እንዲህ አይጻፍም ብንላቸውስ?" አለች። ሄዶ ሁለተኛ ነህ መባል የሚፈልግ ማን አለ? ሰዉ ሁሉ ለብዙዎቻችን ቃል ገብቶ ለአንዱ ይሰጣል። እኚህ ሴት ድምፃቸውን ከነጭራሹ ከስረው ለማናችንም የገቡትን ቃል አላጠፉም። ወደድኳቸው፤ ለካ ድሮም እወዳቸው ነበር።

ዲምፕና ወደቀች። በጥቂት ድምፅ ነው፤ ወደ ዳገቱ ከሚወጡት መንገዶች የአንዱን ቤቶች እንኳ አይሞላም። ከአዳራሹ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የቀዘቀዘ ሻይ በእጇ ይዛ አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ።

"የወይዘሮ ቱሚንስ አግኝተናል?" አለችኝ። "እንዳታባብለኝ።"

"አግኝተናል። በዓይኔ አየሁት። ካንቺ ስም ጎን፣ አንድ፣ ከነቦት ጫማው።"

ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

"ብዬህ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።"

ከዚያ ደግሞ፣ የከተማችን ሰው ከሽንፈትም በኋላ የማይተወውን ጥያቄ ጠየቀች።

"ሁለተኛቸውንስ ለማን ሰጡ?"

"ለማንም" አልኳት። "ሁለተኛ ያደረጉት ሰው የለም።"