እትዬ ስሙኝማ እና ሦስተኛው ውሻ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን አዋቂ አይጠፋም። እግዜር ሰፈር ሲሠራ መጀመሪያ መንገዱን ያወጣል፣ ቀጥሎ ሁሉን አዋቂውን ያስቀምጣል፣ ነዋሪውን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደግነቱ አብዛኞቹ የሚያወሩትን አያውቁትም። ሰምቶ፣ ራስ ነቅንቆ፣ ማለፍ ይቻላል። መከራው ሁሉን አዋቂው የእውነት አዋቂ የሆነ እንደሆነ ነው።

ሰዓት ሠሪው ለአሥራ አንድ ዓመት የኖረው ከእንዲህ ያለ መከራ ፊት ለፊት ነው። ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ግማሹን ሰፈር በእጃቸው ተቀብለው ወደዚህ ዓለም ስላስገቡት፣ ሕዝቡ ሁሉ እስካሁን በእሳቸው ኃላፊነት ሥር ያለ ይመስላቸዋል። ንግግር የሚጀምሩት "ስሙኝማ" ብለው ነው። ሰሚው አንድ ሰው ቢሆንም "ስሙኝማ" ነው፤ አጥር ሥር የቆመ ካለ እሱም እንዳይቀርበት። ሰፈሩም የወጣላቸውን ስም ረስቶ "እትዬ ስሙኝማ" ይላቸዋል። ክብርት እትዬ ስሙኝማ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ሲሉ፣ ቧንቧ የሚጠግን መፍቻውን ይደብቃል፤ ግድግዳ የሚቀባ ብሩሹን አስቀምጦ የሚያርፍ ይመስላል።

ሰዓት ሠሪውን አንድ ቀን በሱቁ መስኮት አዩት።

"ስሙኝማ፣ ይሄ ወንበር ወገብህን ይበላዋል።"

ሳቀ። በሁለተኛው ወር እንደ መንጠቆ ታጥፎ ሲሄድ ታየ። ሌላ ጊዜ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው "እዚያች ጥግ ላይ ያፈሳል" አሉት። መሰላል አቁሞ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ዳበሰ፣ ቀዳዳ አጣ፣ ደስ ብሎት ወረደ። የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ውሃው የሰዓት መለዋወጫው ሣጥን ላይ ጠብ ጠብ አለ። እትዬ ስሙኝማ ግን "ብዬህ ነበር" አይሉም። አንድም ቀን ብለው አያውቁም። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፤ ቢሉ ኖሮ መጣላት ይቻል ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ታላቅ እህቱ ወድቃ ዳሌዋን የተሰበረች ጊዜ ነው። ብቻዋን መኖር ስላልቻለች ልጇ ወደ አፓርታማዋ ወሰደቻት። አከራዩ ውሻ አያስገባም። እህቱ ደግሞ ጭራሮ የሚባል፣ እንደ ስሙ የቀጠነ የሁለት ዓመት ውሻ ነበራት።

"አደራህን ወንድሜ፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ" አለችው፣ ገመዱን እያስጨበጠችው።

"ምን ሆነሻል? ሁለት ባሉበት ሦስተኛ ምን ይከብዳል!"

ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሻለቃ እና ድንብላል ናቸው። ድንብላል እግረ አጭር፣ ከማንም ጋር የምትስማማ። ሻለቃ ግን አፉ ዙሪያ የሸበተ፣ ጦር ሜዳ ሳያይ ማዕረግ ያገኘ፣ ግቢውን ለአሥር ዓመት የገዛ ሽማግሌ። ሰዓት ሠሪው ጭራሮን አንገቱን አንቆ በበሩ ጎትቶ አስገባው። ነገሩ ሞቅ ይበል ብሎም አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ አጥንት ግቢው መሃል አስቀመጠ። አብረው በልተው ይዋደዳሉ ብሎ ነው።

የተከተለው ግማሽ ደቂቃ አልሞላም። ሲለያዩ የጭራሮ ጆሮ ተቀዷል፣ ሰዓት ሠሪውም አውራ ጣቱን ተነክሷል። ጆሮውን የእንስሳት ሐኪም ሰፋው። ጣቱን ያሰረችለት ባለቤቱ አስተማሪ ናት፤ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

"ሁለት ሳምንት" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ካልተስማሙ ሌላ ቤት ይፈለግለት። የምንኖረው በዚህች ጣት ነው።"

በዚያው ቀን እህቱ ደወለች። "ሻለቃ ተቀበለው?"

"እንደ ወንድሙ!" አለ። ስልኩን ዘግቶ ዕቃ ቤት የተዘጋበትን ጭራሮን አየው። ውሻው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ያቀረበለትን ምግብ አልነካም። ሰዓት ሠሪው ከዋሸው ውሸት ይልቅ እህቱ ማመኗ አንገበገበው።

በማግስቱ መንገዱን ተሻግሮ የእትዬ ስሙኝማን በር አንኳኳ። ምክር ፍለጋ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

"እትዬ፣ እንዲያው ካልተቸገሩ…"

"ቆይ ጫማዬን ላድርግ" አሉት። ጫማቸውን አድርገው ነበር።

ሁሉንም ነገራቸው። ሳህኑ ላይ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ስሙኝማ፣ የማታውቀው ሰው ቤትህ ተጎትቶ ገብቶ ምሳህ ፊት ቢቀመጥ አንተስ ምን ታደርግ ነበር?"

"እኔማ አልነክስም።"

"አንተ ጥርስህ ደካማ ስለሆነ ነው።"

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ሁለቱን ውሾች አላገናኟቸውም። ጭራሮ የተኛበትን ጆንያ ለሻለቃ፣ የሻለቃን ምንጣፍ ለጭራሮ ማቀያየር ብቻ። "ውሻ ዓይኑን አያምንም" አሉ፤ "አፍንጫው ካላመነ ዘመድ የለውም።" በአራተኛው ቀን ከሰፈሩ ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጡ። ሻለቃ የማይገዛው ቦታ ነው። ሰዓት ሠሪው ሻለቃን፣ እሳቸው ጭራሮን ይዘው፣ ሃያ እርምጃ ተራርቀው ወደ አንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን መሄድ ጀመሩ። የሰባ ዓመት ሴትዮ በነጭ የሆስፒታል ጫማቸው ከፊት ከፊት ይላሉ፤ እሱ ያለከልካል።

"ገመዱን አላላው! ፍርሃትህ በገመዱ እየወረደ ውሻው ዘንድ ደርሷል።"

ሻለቃ አጉረመረመ። ሰዓት ሠሪው ሊቆጣው እጁን አነሣ።

"ተው! እንዳትቆጣው! ማጉረምረም ንግግር ነው። አፉን ከከለከልከው በጥርሱ ይናገራል። ፈቀቅ በልለት፤ ሰማሁህ ማለት ነው።"

ፈቀቅ አለ። ሻለቃም ዝም አለ። ሰዓት ሠሪው ውሻውን አሥር ዓመት ሲያኖረው እንዲህ ተነጋግረው አያውቁም።

እየቆየ ሃያው እርምጃ አሥር ሆነ፣ አሥሩ አምስት። ድንብላልን ለብቻዋ አመጧት፤ ሁለት ጊዜ አሽትታ በጀርባዋ ተንከባለለች፣ የእሷ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋ። የሁለቱ ሳምንት ማብቂያ እሑድ ላይ ግን ፈተናው ግቢ ገባ። ሳህን፣ አጥንት፣ ሻለቃ የሚያኝከው አሮጌ ነጠላ ጫማ ሳይቀር ተሰበሰበ። ጭራሮ ባዶው ግቢ ቀድሞ ገብቶ አሸተተ። ሻለቃ ከኋላ ገባ። አስተማሪዋ እጇን አጣምራ መስኮቱ ላይ ቆማለች።

ሻለቃ እንደ እንጨት ደረቀ። ጭራሮ አንገቱን ደፋ። የሰዓት ሠሪው አውራ ጣት ይወጋው ጀመር።

"አትጥራው" አሉ እትዬ ስሙኝማ በሹክሹክታ። "ጀርባህን ስጣቸውና ተራመድ።"

"ቢጣሉስ?"

"እኔ አለሁ። አንተ ተራመድ።"

ጀርባውን ሰጥቶ ተራመደ። ዞር ብሎ ላለማየት እርምጃውን ቆጠረ። ከኋላው የጥፍር ድምፅ ተሰማ፤ ቀርፋፋ፣ የሽማግሌ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ፈጠን ያለ። ሻለቃ አልፎት ሄዶ የአጥሩ ጥላ ሥር ተጋደመ፣ በረጅሙም ተነፈሰ። ጭራሮ ከእሱ አራት እርምጃ ርቆ ተኛ። ዞር ብሎ ሲያይ ድንብላል መሃላቸው ገብታለች።

አስተማሪዋ እጇን ፈታች። "ሌላ ሁለት ሳምንት ተጨምሯል" አለች፣ እንደ ችሎት።

ያን ዕለት በሩ ድረስ ሲሸኛቸው ጠየቃቸው። "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የት ተማሩት?"

"አበላሽቼ ነዋ! ሌላ የት ይማሩታል?" አሉ። "በልጅነቴ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ውሻ ነበረኝ። አንድ ቡችላ አመጣሁና እፊቱ አቅፌ አጫወትኩት። ሁለቱም አልቀሩልኝም።"



"ጣሪያውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"አልጋዬ ላይ ነዋ የፈሰሰው። ሁለት ክረምት።"

"ወንበሩስ?"

ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። እሱ ግን መሳቅ አቃተው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ኩራት የቆጠረው ነገር፣ ሴትዮዋ ራሳቸው የወደቁበትን ጉድጓድ ለሰው ማሳየታቸው ኖሯል።

በሦስተኛው ወር እህቱ በምርኩዝ፣ በልጇ ተደግፋ መጣች። ቤቱ ተሰበሰበ። ሰዓት ሠሪው ዙሪያውን ቢያይ እትዬ ስሙኝማ የሉም። ወጥቶ ሲፈልጋቸው ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

"ምነው አይገቡም?"

"ሦስት እንግዳ በአንዴ ለውሾቹ ይበዛባቸዋል። እሷ መጀመሪያ ትታይ።"

ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ተወው። ገብቶ ሁለት በርጩማ አወጣ። አንዱን ለእሳቸው አመቻችቶ በሌላው አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አንተ ደግሞ ምን ልሁን ብለህ ነው? እህትህ መጥታ!"

"እኔም እበዛለሁ" አላቸው።

ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አዳመጡ። ከውስጥ መጀመሪያ ጭራሮ ጮኸ፤ ከዚያ እህቱ እየሳቀች፣ እያለቀሰችም መሰለ፣ "ኧረ ቀስ! ኧረ ሦስታችሁም አትምጡብኝ!" ስትል ተሰማ።