ላሙ ታሟል

የሰው ልጅ በሽታን በሁለት ይከፍላል፤ የሚያውቀውና የማያውቀው። የሚያውቀው ሲገድለው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላል። የማያውቀው ከሆነ ግን ገና ስሙ ሲጠራ ቤት ጥሎ ይሮጣል። የእኛ አገር ቆላ ሰው ከወባ ጋር ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ስለሚተዋወቅ እንደ ዘመድ ይቆጥራታል። ዘመድ ደግሞ ምን ቢያስቸግር ከደጅ ይመለሳል እንዴ?

እኔ በአማርኛ ያደግሁ የሶዶ ከተማ ልጅ ነኝ፤ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ቡድን መሪ። ኮሮና የገባ ጊዜ ስብሰባውም፣ ስልኩም፣ መኪናውም ለእሱ ሆነ። ለትንኟ ግን ደብዳቤው አልደረሳትም መሰለኝ፣ ሥራዋን አላቋረጠችም። እኛም እንዳናቋርጥ ታዘዝንና ከተበላ ከተማ ወረድ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ሄድን። ቱታ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ በዚያ ላይ ማስክ። ድሮም ይህ ልብሳችን ሕፃን ያስለቅሳል፤ ያን ቀን ግን ጎልማሳው ሁሉ እኛን ሲያይ በቆሎ ውስጥ ገባ። ለካስ «ትኩሳት ያለበትን ሰው የሚወስዱ መጡ» ተብሎ ተወርቷል።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብርቱካን አብራን ባትሆን ኖሮ ግድግዳ ብቻ አናግረን እንመለስ ነበር። እሷ በወላይትኛ እየተጣራች አልታዬ የምትባል ሴት ቤት አስገባችን። ከርጭት በፊት ቤቱ ባዶ መሆን አለበት። አልታዬም እህሉን፣ ማሰሮውን፣ ፍየሎቹን አወጣች። ጋጣው ጋ ስንደርስ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«ላሙ ታሟል፤ መውጣት አይችልም» አለችኝ።

እኔ የከተማው ምሁር በልቤ «ላሟ ታማለች» ብዬ አረምኳት። ሰው በሌላው አማርኛ ላይ መምህር ለመሆን ምን ያስቸኩለዋል? የእኔን ወላይትኛ ሲሰሙ እኮ ፍየሎቹ እንኳ ዞር ብለው ያዩኛል።

ከብት ባለበት አንረጭም፣ ትውጣ፣ አይወጣም ስንባባል ከጋጣው ውስጥ፣ ከደረቅ የሙዝ ቅጠል ክምር ሥር፣ ቀጭን ድምፅ «ሃታ» አለ። ውሃ ማለት ነው፤ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ። የመርጫው ፓምፕ ከትከሻዬ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረውም። በሥራ ዘመኔ ብዙ አይቻለሁ፤ ላም በወላይትኛ ውሃ ሲጠይቅ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቅጠሉን ብናነሳው የአልታዬ ባል ማርቆስ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በትኩሳት ነድዷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ሚስቱን እንኳ አይለይም። አልታዬ የብርቱካን እግር ላይ ወደቀች።

«እዚያ ኮሮና ማቆያ ወስደውት ብቻውን እንዳይሞት ነው የደበቅሁት» አለች። «ከሞተም እኔ ጋ ይሙት።»

ብርቱካን አንሥታ አቀፈቻት። በዚያ ዓመት መተቃቀፍ ክልክል ነበር፤ እኔም አላየሁም። ከዚያ የማርቆስን ጣት ወጋ አድርጋ ደሙን መመርመሪያው ላይ ጠብ አደረገች። ውጤቱ እስኪወጣ ሁላችንም መመርመሪያው ላይ አፈጠጥን።

«ወባ ነው» አለች በመጨረሻ።

አልታዬ እልል አለች። እልልታውን ሰምቶ ጎረቤት ከበቆሎው ውስጥ ብቅ ብቅ አለ፤ «እንኳን ወባ ሆነ!» እያለ ይጨብጣት ጀመር። እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። አያቶቻቸውን የቀበረችውን በሽታ እኮ ነው እንደ ሙሽራ በእልልታ የተቀበሏት።

ብርቱካን ግን ተቆጣች። «ምኑ ነው ደስታው? አንድ ቀን ብትጨምሩ ትቀብሩት ነበር» አለቻቸው። ያኔ ነው ቃሬዛ የተፈለገው። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ማርቆስ በሳምንቱ በእግሩ ተመለሰ።

የቀረውን ቤት ልንረጭ ስንመለስ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ረጅም ሰልፍ አገኘን። ሕዝቡ ነቃ፣ ትኩሳቱን መደበቅ ተወ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቀረብ ስል ነገሩ ሌላ ነው። ሰው የተሰለፈው «በሽታው ወባ ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሊወስድ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሸሸው።

ከሰልፉ ፊት አንድ አዛውንት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስላሉ። ብርቱካን ደማቸውን መርምራ «አባባ፣ ወባ የለብዎትም» አለቻቸው። ንቅንቅ አላሉም። እኔ አለቃ መስዬአቸው በዓይናቸው ለመኑኝና፣

«እስቲ ደግማችሁ እዩት ልጄ» አሉኝ፤ «ትንሽ እንኳ አይጠፋም።»