አርባ ሦስት ጠርሙስ

በየሰፈሩ አንድ የክፉ ቀን ሰው አለ። ሪሞቱን ከነላስቲኩ የሚጠቀም፣ አዲሱ ጃንጥላ እንዳይረጥብበት በዝናብ የሚሮጥ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት እራት አብራችሁ ትበላላችሁ።

የቡታጅራው የክፉ ቀን ሰው ክቡር ጋሼ ከድሮ ይባላሉ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ቴሌቪዥንና ቴፕ ይጠግናሉ። ሲበይዱ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሁለቱንም ምን አደከመኝ? አንዱ ለክፉ ቀን ነው» ይላሉ።

አንድ ደንበኛ ለጥገና ትቶት የጠፋ አሮጌ ጌም ማጫወቻ አላቸው። ውስጡ የተገኘው ሲዲ አንድ ብቻ ነው። ጎራዴ የያዘ ሰውና ቀስት ያላት ሴት ሰባት ከተማ አቋርጠው፣ ድልድይ ላይ የተኛ ዘንዶ ይገጥማሉ። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጌም ቤት ወጣቱ ኳስ ለመጫወት ይሰለፋል፤ የእኛን ጌም የሚያውቀው የለም። የጌም ቤቱ ባለቤት ሙስተፋ አንድ ቀን ብቅ ብሎ «ይሄማ ካርቶን ነው የሚመስለው» ቢል፣ ጋሼ ከድሮ እስከ ረመዳን አኩርፈውታል።

እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው የጀመርነው። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኝ ነበር። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጡኝ።

ጌሙ የደረሱበትን የሚያስቀምጥ ሜሞሪ ካርድ ይፈልጋል። ጋሼ አላቸው፤ ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ስለዚህ በተጫወትን ቁጥር ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

መከራው ግን መድኃኒቱ ነው። መንገድ ላይ ቁስል የሚያድን ቀይ ጠርሙስ ይለቀማል፤ ራስም ይጠጣል፣ ለጓደኛም ይሰጣል። ክቡርነታቸው ይለቅማሉ እንጂ አይጠጡም፣ አይሰጡም።

«ጋሼ፣ ልሞት ነው!»

«አይዞሽ ኡሚዬ፣ ይሄ ክፉ ቀን አይደለም።»

እሞታለሁ። «ኢና ሊላሂ» ብለው ብቻቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ ዘንዶው እሳቸውንም ይበላቸዋል፤ ጠርሙሶቻቸው ከነክዳናቸው። ስንት ዓመት እንዲህ ሆነ!

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩና የመምህርነት ምደባዬ ጂንካ ወጣ። ጂንካ አንድም ሰው አላውቅም። ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ ሻንጣዬን ትቼ ጋሼ ሱቅ ገባሁ። ያንን ዘንዶ ሳንጥል መሄድ አልፈለግኩም። እናቴ «ለዘንዶ ብለሽ ልብስሽን ሳትተኩሺ?» አለችኝ።

መብራት በፈረቃ ነበር። የእኛ ሰፈር ተራ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀመርን። ሲዲው በየጊዜው ይንጫጫል፤ አምፖሉም አልፎ አልፎ ፈዘዝ ይላል። ስድስተኛው ከተማ ላይ እንዳለን የሰፈሩ ጡረተኛ መምህር፣ ጋሽ ወልደማርያም፣ መጡ።

«ከድሮ፣ ቴሌቪዥኔ አልደረሰም?»

ቴሌቪዥናቸው የምንጫወትበት ነው።

«ደርሷል፤ እየፈተሽኩት ነው።»

«ሙሉ ቀን?»

«ጥራት ጊዜ ይፈልጋል፣ ጋሽ ወልዴ።»

ይወስዱታል ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ስክሪኑን እያዩ፦

«ይሄ ሰውዬ ያን ሁሉ መድኃኒት ይዞ ለምን ይደማል?»

«ለክፉ ቀን ነው።»

«ዘንዶ እየበላህ?»

ድልድዩ ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ተኩል ሆኗል። አርባ ሦስት ጠርሙስ ይዘናል፤ ይዘዋል ማለቴ ነው። ዘንዶው በመጀመሪያው እሳት እኔን አንበረከከኝ። ሌላ ጊዜ እጮህ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳልለምን ቁልፎቹን መጫን ቀጠልኩ። ጋሼ ስክሪኑን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነገ ነው የምትሄጂው፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

መድኃኒት የሚሰጠውን ቁልፍ ተጫኑት። አንድ ጠርሙስ። ሁለት። በሦስተኛው ቀስተኛዬ ሙሉ በሙሉ ዳነች፤ እሳቸው ግን ያጠጣሉ።

«ኧረ በቃት፣ ከድሮ!» ጮኹ ጋሽ ወልደማርያም። «ፈሰሰ እኮ!»

«ትጠጣ! መንገደኛ ናት!»

አርባ ሦስቱንም አጠጡኝ። ለራሳቸው አንድ አላስቀሩም፤ ዘንዶው ዞሮ በአንድ ምት ጣላቸው። ጆይስቲካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «በርቺ» አሉኝ። ሰዓቱን ማየት ፈራሁ። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ጥቅስ አለ። እያለቀስኩ ይሁን እየሳቅኩ ሳላውቅ ቀስቴን ለቀቅኩ፣ ደግሜ ለቀቅኩ፤ ዘንዶው ከድልድዩ ተንከባሎ ገደል ገባ።

ሰምተነው የማናውቀው ሙዚቃ ጀመረ። ከድልድዩ ማዶ ትልቅ በር ቀስ እያለ መከፈት ጀመረ፤ በስንጥቁ ብርሃን ገባ። ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ።

ጋሼ ከድሮ ተነስተው ሶኬቱን ነቀሉት።

«አብደሃል እንዴ ከድሮ?» ጋሽ ወልደማርያም ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «ሊያሳየን ነበር እኮ!»

«መጨረሻው ይቀመጥ። ኡሚ ክረምት ስትመጣ እናየዋለን።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ። «ጋሼ! አሁን እኮ ጠፋ! መጨረሻውን ለማየት እንደገና ከመጀመሪያው መጫወት አለብን! ሙሉ ቀን ይፈጅብናል!»

«አዎ» አሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው የጆይስቲኬን ገመድ ቀስ ብለው እየጠቀለሉ። «ሙሉ ቀን ይፈጃል።»