ስለ ራመን አበላል የወጣው መመሪያ

ጃፓንን ለማወቅ ጃፓን ድረስ መሄድ የግድ አይደለም፤ አዳማ ይበቃል። አቶ ሽባባው ይህን በሕይወታቸው ያረጋገጡ ሰው ናቸው።

ከስድስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታቸው ለአምስት ቀን የካይዘን ሥልጠና አዳማ ልኳቸው ነበር። አሠልጣኙ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበር፤ ለምሳ የሚቀርበውም ጥብስ ነበር። ቢሆንም አቶ ሽባባው ወደ ወልቂጤ የተመለሱት ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ ሰው ረጋ ብለው፣ ሰርተፊኬታቸውን በፕላስቲክ አሳሽገው ነው። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ አምስቱን «ማ»ዎች ለጠፉ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጃፓን የሚባል ነገር በተነሳ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል። ፎቶ ኮፒው ሲበላሽ እንኳ፣ ማሽኑ ጃፓን ሠራሽ ነውና፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። መጥተው ያዩታል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «የአያያዝ ችግር ነው» ብለው ይመለሳሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ሥራው ምን እንደሆነ እዚያው የሚሠሩትም ሲጠየቁ ትንሽ ያስባሉ።

ባለፈው ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ናጃህ የምትባል የቡታጅራ ልጅ ከመናኸሪያው ጀርባ የራመን ቤት ከፈተች። ሰባት ዓመት ዱባይ ኖራለች፤ አምስቱን ያሳለፈችው በአንድ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሳህን አጠበች፤ ቀጥሎ ሽንኩርት ከተፈች፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ጃፓናዊ አለቃዋ ድስቱን አምኖ ሰጣት። የተመለሰችው እናቷ ዘንድ ትታት ለሄደችው ልጇ ስትል ነበር። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ «እማ» ብላ መጥራት የጀመረቻት በቅርቡ ነው። ቤቱ እስከ ጥር ካልሞላ ግን ናጃህ የዱባይ ወረቀቷን እንደገና ልታስጨርስ ወስና ነበር።

አሠራሯ ቀላል ነው። የበሬ አጥንት ከንጋት ጀምሮ ይንተከተካል። ሊጡን ራሷ ትለውሳለች፤ እንደ ፓስታ ቀጭን አድርጋ ትቆርጠዋለች፤ በመረቁ ላይ ሥጋ፣ ጎመንና ግማሽ እንቁላል ታደርግበታለች። በርበሬውን አጎቷ ሐጂ ዑመይር በየሳምንቱ ከቡታጅራ ያመጡላታል።

ችግሩ ደንበኛ ነበር። ከተማው ሾርባን የሚያውቀው የታመመ ሰው ምግብ አድርጎ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጡላት ጉንፋን የያዛቸውና ጥርስ ያስነቀሉ ሰዎች ነበሩ። ጤነኛ ሰው ሲገባ ደግሞ ሳህኑን አይቶ «ይሄማ ኢንዶሚ ነው» ይላል። ናጃህ አትቆጣም። «ቅመሰውና ንገረኝ» ትላለች። የቀመሰው በነጋታው ይመለሳል፤ ጥርሱን ያስነቀለውም ሳይቀር፣ ሌላ ጥርስ ሳያስነቅል።

በዚያው ሰሞን ከክልል የግምገማ ቡድን ሊመጣ ነው ተባለ። አዲሷ ኃላፊ ወይዘሮ ዓለምዘውድ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ሰበሰቡ።

«የዕቅድ አፈጻጸማችን ሃምሳ አንድ በመቶ ነው» አሉ። «ስለዚህ ምሳው ላይ ትኩረት ሰጥተን መሥራት ይኖርብናል።»

በዚህ ሁሉም ተስማማ።

«ክትፎ ቤት እንያዝላቸዋ» አለ በኃይሉ፣ የሰው ሀብት ባለሙያው።

«ሁሉም መሥሪያ ቤት ክትፎ አብልቷቸዋል» አሉ ኃላፊዋ። « ሦስት ሳምንት ሙሉ ክትፎ ላይ ነው የከረሙት። እኛን ከሌላው የሚለየን ምንድነው?»

 አቶ ሽባባው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራመን አለ።»

«ምንድነው እሱ?»

«የጃፓን ምግብ ነው። ከካይዘን ጋር የተያያዘ።»

«እርስዎ ያውቁታል?»

«ክብርት ኃላፊ፣ እኔ ጃፓንን አውቃለሁ» አሉ አቶ ሽባባው።

ይህ እውነት አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ ውሸትም አልነበረም፤ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነበር። ወዲያው የራመን ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ ሽባባው ሰብሳቢ፣ በኃይሉ ጸሐፊ ሆኑ። ኮሚቴው ለሁለት ሰዓት ተወያይቶ፣ ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን በጥልቀት ገምግሞ፣ ምሳው ሐሙስ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

ሰኞ ዕለት አቶ ሽባባው ቤቱን ሊፈትሹ ሄዱ። ናጃህ ወንበር ሳበችላቸው።

«ትንሽ ላቅምስዎት ጋሼ?»

«ለሥራ ነው የመጣሁት» አሉና ጠረጴዛውን መረመሩ። ጠርሙስ በርበሬ፣ ማንኪያ፣ ብርጭቆ ውስጥ የቆሙ ጥንድ ጥንድ ቀጫጭን እንጨቶች። «ማንኪያው ምን ይሠራል?»

«ለመብላት ነዋ።»

«ጃፓን በእንጨት ነው የሚበላው።»

«ሊጡን አዎ። መረቁስ? አለቃዬ ራሱ በማንኪያ ነበር የሚጠጣው።»

«ዱባይ ስለኖረ ነው። ሰው አገር ሲቆይ ይበላሻል። የመጀመሪያው ማ ምንድነው? ማጣራት። አላስፈላጊውን ማስወገድ።»

ናጃህ ልጇንና የዱባይ ወረቀቷን ያሰበችው ያን ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤት ከወደደው ከተማው ይከተላል። ማንኪያዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ወሰደች። ስትመለስ ቀስ ብላ፣ «እንግዲያው የእንጨቱን አያያዝ ላሳይዎት?» አለች።

«እህቴ፣ እኔ የመጣሁት ለማሳየት ነው።»

ያን ቀን አመሻሽ አቶ ሽባባው ቤታቸው ገብተው በሁለት የመንግሥት እስክሪብቶ ፓስታ ሲያነሱ ባለቤታቸው ማዕዶት ደረሰችባቸው። አንዷን የፓስታ ዘለላ እስከ አገጫቸው አድርሰዋት ነበር። ተመልሳ ወደቀች።

«ልጆቹ ሳያዩህ በርህን ዝጋ» አለችና የራሷን በሹካ በላች።

አቶ ሽባባው ግን ከስልካቸው አንድ ትልቅ ነገር አግኝተው ነበር። ጃፓኖች ራመን ሲበሉ ድምፅ እያሰሙ ይምጉታል፤ ነውር አይደለም፤ አክብሮት ነው። ይህም ሌሊቱን ሳይሆን በማግስቱ በሥራ ሰዓት ተጽፎ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ «ስለ ራመን አበላል የወጣ መመሪያ» ተብሎ ተባዛ። አንቀጽ አንድ፦ ማንኪያ ክልክል ነው። አንቀጽ ሁለት፦ ድምፅ ማሰማት ግዴታ ነው።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ስድስት ገምጋሚዎችና ሰባት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በናጃህ ቤት ተቀመጡ። የቡድኑ መሪ አቶ ተካ የቸሃ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው የቀረበ፣ ሰውነታቸው የሞላ፣ ምግብ ላይ ቀልድ የማይወዱ። አሥራ ሦስት ሳህን እንፋሎቱ እየተነሳ ቀረበ። ሽታው የተነቀለ ጥርስ ያስረሳል። አቶ ሽባባው ተነሡ።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ ዛሬ የምንበላው ምግብ አይደለም፤ አስተሳሰብ ነው።»

ይህ ንግግር ቃል በቃል ተፈጸመ። አቶ ሽባባው ስለ ጃፓን ታታሪነት፣ ስለ ብክነት ቅነሳ፣ ስለ አምስቱ ማዎች አብራሩ። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ብለው የጃፓን ምግብ በጃፓን ሥርዓት መበላት እንዳለበት አሳሰቡ። ናጃህ ከጓዳው በር ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ሊጡ እያበጠ ነው።»

«ሥርዓት ይቅደም» አሉ አቶ ሽባባው፣ ወደ ሦስተኛው ማ እየተሻገሩ።

ሲጨርሱ ሊጡ መረቁን ጠጥቶ፣ እንቁላሉን ውጦ፣ ሳህኑን ሞልቶ ነበር። አሥራ ሦስት ሰው ሃያ ስድስት እንጨት አነሣ። የሁሉም ዓይን አቶ ሽባባው ላይ ነው። እሳቸው አንድ ዘለላ ያዙ፤ አመለጠቻቸው። ደግመው ያዙ፤ ለሁለት ተቆረጠች። ሦስተኛው ላይ ሁለቱ እንጨቶች ባዷቸውን ከንፈራቸው ደረሱ። አቶ ሽባባው ለአፍታ አሰቡ። ከዚያ፣ አንቀጽ ሁለትን አስታውሰው፣ ባዶውን እንጨት ክፉኛ ማጉት።

ወይዘሮ ዓለምዘውድም ማጉ። በኃይሉ ማገ። ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩና፣ አላወቁም እንዳይባሉ፣ ማጉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከብት ውኃ የወረደ ሳይመስለው አልቀረም።

«ቀለል ያለ ምግብ ነው» አሉ አቶ ተካ።

«ጃፓኖች ዕድሜያቸው የረዘመው በዚህ ነው» አሉ አቶ ሽባባው።

 የአቶ ተካ ዓይን ጥግ ላይ ተተክሎ ነበር። እዚያ ሐጂ ዑመይር፣ በርበሬያቸውን አራግፈው፣ ከጓዳ ያመጡትን ማንኪያ ይዘው፣ ግንባራቸው ላብ እያቸፈቸፈ ይበላሉ።

«እሳቸው ምንድነው የሚበሉት?»

«ያው ይህንኑ ነው» አሉ አቶ ሽባባው። «ግን ሥልጠና አልወሰዱም።»

እንግዶቹ አመስግነው ወጡ። ከመውጣታቸው ሦስት ባጃጅ በተከታታይ ወደ ክትፎ ቤቶቹ አቅጣጫ ታጠፈ፤ ይህ በሪፖርቱ ውስጥ አልተካተተም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ። መሥሪያ ቤቱ ከዞኑ አንደኛ ወጥቷል። በምሳው ላይ የታየው የተገልጋይ ዕርካታ ዘጠና ሰባት በመቶ ሲሆን፣ ምርጥ ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋፋ ይላል። አቶ ሽባባው የራመን ዘርፍ አስተባባሪ ሆኑ። ሰርተፊኬታቸው አዲስ ፍሬም ተገዛለት።

ናጃህ ቢሯቸው የመጣችው ፍሬሙ በተሰቀለ ማግስት ነው። ተቀመጪ ቢሏት አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ሽባባው፣ ምን አጎደልኩ?»

«ምንም። አንደኛ ወጣን እኮ።»

«አሥራ ሦስት ሳህን አውጥቼ አሥራ ሦስቱም እንዳለ ተመለሰልኝ። ጨው በዛ? አጥንቱ ሸተተ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ድስቱን ደጋግሜ እቀምሳለሁ፤ ጥፋቴን አላገኘሁትም።»

አቶ ሽባባው ፋይሉን ገልጠው ዘጠና ሰባት በመቶ የሚለውን አነበቡላት። እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ለእርስዎስ ጣመዎት?»

ወደ ሰርተፊኬቱ አዩ። ወደ ጣሪያው አዩ። «እኔ እንግዲህ… ገለጻ ላይ ስለነበርኩ» አሉ።

ናጃህ ትንሽ አየቻቸውና ነገሩ ገባት፤ ለካ አንድም ሰው አልቀመሰውም። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፤ እሷ አናጢ ጠራች። ቤቱን በግድግዳ ለሁለት ከፈለችው። ከፊት ያለውን ለሠልጣኞች አደረገችው፤ እንጨት ብቻ። ከኋላ፣ በጠባቡ መንገድ በኩል፣ ለተራበ ሰው ሌላ በር አወጣች፤ ማንኪያ ያለበት። በኋላው በር ባጃጅ ነጂዎች ገቡ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገቡ፤ የጉንችሬ ነጋዴዎች መኪና እስኪሞላ እየገቡ መኪናው ጥሏቸው መሄድ ጀመረ። ጥር ሲመጣ ስለ ዱባይ ወረቀት የሚያነሳ አልነበረም። ልጅቷም ከቡታጅራ መጥታ ወልቂጤ ትምህርት ቤት ገብታለች።

ከፊት ደግሞ በየሐሙሱ ሥልጠና ነበር። መሥሪያ ቤቶች በየተራ እየመጡ ባዶ እንጨት ይምጋሉ። አቶ ሽባባው ያብራራሉ። ነገር ግን «ገለጻ ላይ ስለነበርኩ» የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። እያብራሩ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ የማንኪያ ኳኳታና ሳቅ ይሰማቸዋል፤ የመረቁ ሽታ በጣውላው ቀዳዳ ሾልኮ ይመጣል፤ ሆዳቸው በአራተኛው ማ ላይ ይጮኻል።

በሰባተኛው ዙር፣ ሠልጣኞቹ ገና ሳይደርሱ፣ አቶ ሽባባው አንገታቸውን ቀብረው በኋላው በር ገቡ። ሐጂ ዑመይር አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉላቸው። ናጃህ ወደ ድስቱ ዞረች። ሳህን አቀረበች፤ አጠገቡ ማንኪያ አኖረች።

ቀመሱ። መጀመሪያ የመጣው ከንጋት ጀምሮ የበሰለው አጥንት ነው፤ ቀስ ብሎ በርበሬው ከጉሮሮ በታች ተነሣ፤ ሊጡ ገና ያላበጠ፣ ጥርስ የሚመልስ ነበር። አቶ ሽባባው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ስድስት ዓመት ስለ ጃፓን ያወሩት ሁሉ ለአንድ ሳህን ጊዜ ያህል ዝም አለላቸው። ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው የቀረችውን መረቅ ጠጡ።

«ናጃህ» አሉ ሳህኑን ሲያስቀምጡ፣ «ምንም አላጎደልሽም።»

«አውቄ ነበር» አለች። ዞር ብላ ግን በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ነካች።

ከፊት በኩል ወይዘሮ ዓለምዘውድ ሲጣሩ ተሰማ። ከቡታጅራ የመጣው ልዑክ ደርሷል። አቶ ሽባባው ክራቫታቸው ላይ የተፈናጠረችውን መረቅ ሳያዩ ወጥተው ከእንግዶቹ ፊት ቆሙ። ደብተር ተከፈተ፤ እስክሪብቶ ተነሣ። ፀጋ የምትባል ወጣት ባለሙያ እጇን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ጣዕሙ ምን ይመስላል?»

ይህ ጥያቄ በየዙሩ ይነሣል። መልሱ ግማሽ ገጽ ነው፤ በቃላቸው ያውቁታል፤ «ሚዛናዊ» የሚል ቃል አራት ጊዜ አለበት። ዛሬ ግን አንዱም አልመጣላቸውም።

«በማንኪያ ነው የሚበላው» አሉ። «ይጥማል። በኋላው በር ግቡና ቅመሱት።»

ማንም አልተነቃነቀም። ወይዘሮ ዓለምዘውድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ልዑኩ ይህን ይጻፍ አይጻፍ ለመጠየቅ ወደ እሳቸው ተመለከተ፤ እንዳይጻፍ በቅንድባቸው አመለከቱ። ፀጋ ብቻ ደብተሯን ዘግታ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ወደ ኋላው በር ሄደች። ስትመለስ አልታየችም።

በሳምንቱ የራመን ዐቢይ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። አቶ ሽባባው ላይ የአመለካከት ክፍተት መታየቱ፣ ከምግብ አቅራቢ ጋር የጥቅም ትስስር መፍጠራቸውም በክራቫታቸው ላይ በተገኘ ማስረጃ መረጋገጡ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ከአስተባባሪነት ተነሥተው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። መዝገብ ቤቱ ለናጃህ ቤት የኋላ በር ከሁሉም ቢሮ የቀረበ ስለሆነ ይግባኝ አላሉም።

ለክፍት ቦታው ጥብቅ መስፈርት ወጣ፤ ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። ሁለቱ በድብቅ እንደቀመሱ ስለተደረሰባቸው ወደቁ። ቦታውን በብቃት ያሸነፈው በኃይሉ ነው፤ ከመጀመሪያው ምሳ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ አንዲት ዘለላ በአፉ ዞራ አታውቅም።