በካዲዝ ወደብ የጎረስኩት

ከአማቱ ጋር በአንድ መርከብ የሚሳፈር ወንድ ወይ ዋና መቻል አለበት፣ ወይ መጾም! እኔ ሁለቱንም አልችልም። ዋናውን ተዉት። ጾሙን ግን «አልችልም» ብዬ ለአማቴ ለእማማ በላይነሽ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እሳቸውም አትላንታ አጠገብ ወዳለችው ከተማችን ወደ ታከር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ በቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፊት «አሜሪካ ያላበላሸው አማች!» እያሉ ይኮሩብኛል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ይህን የመሰለ ስም በገዛ አፋችሁ ታፈርሳላችሁ?

ባለቤቴ ጽጌ የምትሠራበት ሆስፒታል ለሠራተኞቹ ዕጣ ሲያወጣ የቤተሰብ የመርከብ ሽርሽር ደረሳት። ደስታችን ልክ አልነበረውም... ቀኑን እስክናይ ድረስ። ዐቢይ ጾም መሐል!

«ምን ቸገረኝ» አሉ እማማ፤ «እጾማለኋ! ደግሞም አማቼ አለልኝ።»

አለልኝ!

መርከቡ ላይ ቅቤ ያልነካው ነገር ቢኖር ሙዝ ነው። እማማ አምስት ቀን ሙሉ በሙዝና በሻይ ሰነበቱ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሙዝ ስልጥ ሆዴ ይሰድበኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ካዲዝ የምትባል የስፔን ወደብ ደረስን። የድሮው ከተማ መንገድ እንዴት ይጠባል መሰላችሁ! ጎረቤትና ጎረቤት በየሰገነቱ ቆሞ ጨው መቀባበል ይችላል። የእኔን መኪና እዚያ ብታስገቧት በሯን ከፍታችሁ አትወጡም። እማማ ግን ሰገነቱንም አላዩ፣ የተንጠለጠለውንም አበባ አላዩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ትኩስ የጾም ነገር ካላገኘሁ መርከቡ ላይ አልመለስም» አሉኝ።

«ለእኔ ይተዉት፣ እማማ! ስፓኒሽ እችል የለ?»

የምችለው ከሥራ ጓደኞቼ የለቀምኩትን ሰላምታና ስድብ ነው።

አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አገኘን። ወይኑ ከበርሜል ይቀዳል። ጣሪያው ላይ ደግሞ... የአሳማ እግር በመደዳ ተሰቅሏል! እማማ አማትበው ወደ ኋላ ተመለሱና ከጽጌና ከዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ከሔለን ጋር ውጪ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ። እኔ «የጾም ጠይቄ ልምጣ» ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ለባለቤቲቱ ውጪ ወደተቀመጡት ጠቁሜ በእጄ ቅጠል ሠራሁ፣ እህል ሠራሁ፣ ሥጋ የሚለውን በጣቴ «አይሆንም» አልኩ። ገባት። ድስቱ እስኪሞቅ ብላ አንድ ብርጭቆ ወይን ቀዳችልኝና አጠገቡ በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ቋንጣ አስቀመጠች። ጾም መሻር አንድ ነገር ነው፣ አሳማ ደግሞ ሌላ! አውቃለሁ። ግን እናንተዬ፣ አምስት ቀን ሙዝ! አንዷን ቀመስኩ። አንዷ ሁለተኛዋን ጠራች... ሳህኑ አለቀ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሌላ ሳህን ደገመችኝ። እሱም አለቀ።

አፌን ጠራርጌ፣ የጿሚ ፊቴን ለብሼ ወጣሁ።

«ዳዲ፣ ዩ ኖው፣ ከንፈርህ ሻይን ያደርጋል» አለች ሔለን።

«ያወዛው ሙቀቱ ነው!»

ጽጌ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እማማ አልሰሙም።

ወዲያው ሴትዮዋ ሽምብራ በቆስጣ የተሠራ ወጥ ይዛ መጣች። እማማ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሴትዮዋ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ነካ አደረገች፣ ወጡን አሳየች፣ ራሷን አሳየች።

«እሷም ዓርብን ትጾማለች እኮ!» አሉ እማማ፣ ያለ እኔ አስተርጓሚነት። ከደስታቸው ብዛት ወጡን በዳቦ ጠቅልለው አጎረሷት። ሴትዮዋ ደንገጥ አለች፣ ከዚያ ጎረሰች፣ ከዚያ ሳቀች። ልማዳችን ገባት። ምነው ባልገባት ኖሮ!

እሷም በተራዋ እማማን አጎረሰች፣ ጽጌን አጎረሰች፣ ሔለንን አጎረሰች። እኔ ዘንድ ስትደርስ ቆም አለችና «ያንተንማ አውቃለሁ» በሚል ፈገግታ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስትመለስ በጣቶቿ የአሳማ ቋንጣ ጠቅልላ ይዛለች። ለእማማ ሁለት ጣት አሳየቻቸው፣ ወደ ሆዴ ጠቆመች፣ ከዚያ... ሦስተኛ ጣት ጨመረች!

እኔ እማማን አየሁ። እማማ ሥጋውን አዩ። ጽጌ ሰማዩን አየች።

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ምን ትቀባጥራለህ?» አሉ በቀስታ። «ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ቆማ የለም እንዴ? ጉርሻ ይመለሳል? ጉረስ!»

ጎረስኩ። እንደዚያ የጣፈጠኝም፣ እንደዚያ አልዋጥ ያለኝም ነገር የለም። ሔለን በካሜራዋ ቀጭ አደረገችኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም አፈርኩ። ከአሳማው ይልቅ ያሳፈረኝ «አለልኝ» ያሉት ነገር ነው።

እማማ ለንስሐ አባቴም አልከሰሱኝም። አትላንታ ተመልሰን ፊልሙ ሲታጠብ ግን ያችን ፎቶ መርጠው ወሰዷት። ጾም በገባ ቁጥር ከጸሎት መጽሐፋቸው መሐል አውጥተው ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፏታል። ጾሙ ሲፈታ ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። ጾማችን በዓመት ስንት ቀን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ...

በቀደም ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«አማቼ እኮ በጾም ማቀዝቀዣውን እንኳ አይነካም!»

ዘንድሮ ውሸት የለበትም።