የትም የማትወርድ ተሳፋሪ

እኛ ዘንድ እውነት መናገር ነውር ባይሆንም ትንሽ ይከብዳል። እንግዳ ጠርታችሁ ወጡ ላይ ጨው ቢበዛባችሁ፣ እንግዳው "ጨው በዝቷል" አይላችሁም። "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው!" ብሎ ይመርቅና ውሃ ይጠይቃል። ጠጥቶ እንደገና ይመርቃል፤ እንደገና ውሃ ይጠይቃል። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ እናንተ ራሳችሁ ወጡን ትቀምሳላችሁ። በዚህ መንገድ ማንም ሳይቀየም እውነቱ ይታወቃል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

ስፒከርም እንደ እንግዳ ነው። አንዱ አሞካሽ ነው፤ የሰጣችሁትን ሁሉ አጣፍጦ፣ ቤዙን አወፍሮ፣ "እሰይ" እያለ ይመልስላችኋል። ሌላው ደረቅ ነው፤ ጨው ከበዛ በዝቷል ይላል። ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ሰዎች ይህን ደረቁን "ሞኒተር" ይሉታል። ቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚጀምር ሰው ሞኒተር ይሻላል ወይስ ሄድፎን እያሉ ኢንተርኔት ላይ ሲጨቃጨቁ የሚውሉ አሉ። እኔም መልስ አለኝ። መልሱን ለመስጠት ግን ስድስት ዓመት የደበቅሁትን ነገር መናገር ሊኖርብኝ ነው። እባካችሁ፣ ስታነቡ ወደ እኔ አትዩ።

ከሚሴ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ዓይነ አፋር ነኝ። ተማሪ "ቲቸር፣ ተሳስተሻል" ሲለኝ አፍራለሁ፤ የተሳሳተው እሱ ሆኖ ሲገኝም የማፍረው እኔው ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ክፍሏን ዘግታ በላፕቶፕ የሰርግ ዘፈን ታቀናብራለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? በዚሁ ተማምኜ የሠራሁትን ቴሌግራም ላይ "አባ ዲቤ" በሚል ስም እለቅ ነበር። ዲቤ በኦሮምኛ ከበሮ ነው፤ አባ ዲቤ የከበሮው ባለቤት ማለት ነው። ስሙ ከወጣ በኋላ ሰውየው በራሱ እግር መሄድ ጀመረ። አንዳንዱ "የባቲ ሰው ነው፣ ግመል ነጋዴ ነበር" ይላል። የስፖርት መምህራችን ደግሞ አንድ ቀን በመምህራን ክፍል "ወላሂ አውቀዋለሁ፤ አንድ ዓይና ሽማግሌ ነው" ብሎ ማለ። እኔ አጠገቡ በሁለት ዓይኔ ፈተና አርም ነበር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውንና የእኔን ክፍል የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። (የመጀመሪያው ዘፈኔ ምት እንዲያውም ከዚያ መኪና ፔዳል የተሰረቀ ነው።) እና ሞኒተር ልግዛ ብል፣ አንደኛ ክፍሌ ጠባብ፣ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ቤዙ ማዕዘን ማዕዘኑን ተኮልኩሎ ይቀራል ይላሉ አዋቂዎች። ሁለተኛ፣ አባዬ ይሰማል። ሁለተኛው ምክንያት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ የመጀመሪያውን የጨመርኩት ለክብሬ ነው።

ስለዚህ ሄድፎን። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁ ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ ግን ያሾልካል፣ ደጅ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማችኋል። እውነተኛ ሆኖ ምስጢር የማይጠብቅ። እንዲህ ዓይነት ሰውም አለ። እኔ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋውን ገዛሁ። ከሻሼ በላይ ሳደርገው ድምፁ ይታፈናል፤ ከሻሼ ሥር ሳደርገው ቀንድ ላበቅል የተሰናዳሁ እመስላለሁ። አባዬ አይቶ ሲደነግጥ "የኢንተርኔት ሥልጠና ላይ ነኝ" አልኩት። መምህር ሥልጠና አያልቅበትምና አመነኝ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ቀስ በሉ፣ ልጄ ሥልጠና ላይ ናት" ማለት ልማዱ ሆነ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ፈጀ።

በሄድፎኑ ውስጥ ከበሮዬ ጀነት ነበር። ከዚያ የጎረቤት ሰርግ ላይ ተጠራሁ። ድንኳኑ ውስጥ የአባ ዲቤን ዘፈን ሲለቁት፣ ያ ከበሮ ባዶ በርሜል ቁልቁለት ሲንከባለል መሰለ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጉርሻቸውን ከአፋቸው መልሰው "ይሄን የሠራውን ሰው አላህ ይቅር ይበለው" አሉ።

"አሚን" አልኩ። ምን ልበል?

ኢንተርኔት ላይ ያሉት አስተማሪዎች "በሄድፎን የሠራችሁትን መኪና ውስጥ ከፍታችሁ ፈትሹት" ይላሉ። እኔ ከየት አባቴ መኪና ላምጣ? ሳስበው ግን ከሚሴ ውስጥ ዘፈን የሚኖረው ባጃጅ ውስጥ ነው። ባጃጅ ውስጥ ያላማረ ዘፈን ሰርግ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ባጃጅ አማረጥኩ። የአንዱ ቤዝ ጥርስ ያነቃንቃል። የሌላው የግራ ስፒከር ከሞተ ቆይቷል፤ ለሾፌሩ ግን ያረዳው የለም። በመጨረሻ የሙሄን አገኘሁ። ሁለት ትንንሽ አሮጌ ስፒከሮች፣ ምንም የማያጣፍጡ፣ ምንም የማይደብቁ። ሙሄ ራሱ ምን እንደሚመስል ብትጠይቁኝ አላውቅም ነበር። የቀኙ ስፒከሩ ቀጭን ድምፅ ሲመጣ ትንሽ እንደሚያፏጭ ግን አውቅ ነበር።

"የት ላድርስሽ፣ ቲቸር?"

"ቀጥታ። ይህቺን ፍላሽ ክፈትልኝ፤ እህቴ ናት የላከችልኝ።" እህት የለኝም።

የቦርከና ድልድይ ጋ ስንደርስ ዞር ይላል። "እዚህ ነው?"

"አይ፣ ተመለስ።"

በየቅዳሜው፣ አመሻሹ ላይ ከአስር ሶላት በኋላ፣ እንዲሁ። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፣ በደብተሬ "ቤዝ ይቀነስ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ቤቴ በር ላይ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራው አማረ፤ የአባ ዲቤ ስም ገነነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አንድ የማይገባኝ ነገር መጣ። ባጃጁ ውስጥ ቤዙ በዛብኝ። ቀነስኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሁንም በዛ። አሁንም ቀነስኩ። እኔ በቀነስኩ ቁጥር ይጨምራል። በመጨረሻ ባጃጁ ውስጥ ልክ የሆነው ዘፈን ሰርግ ላይ ሲከፈት ትንኝ ከበሮ የምትመታ መሰለ። "አባ ዲቤ አርጅቷል" ተባለ። የቀረው አንድ ዓይኑም ሳይጠፋ አልቀረም።

በዚህ መሀል ነው ሽማግሌ የመጣው።

እኔ ሄድፎኔን አድርጌ ስለነበር አልሰማሁም። አባዬ ክፍሌ ገብቶ ትከሻዬን ነካኝ። "ሥልጠናውን አቁሚና ነይ" አለኝ፤ ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር ነበር። ሳሎን ሦስት ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ መሀል ላይ ሼህ ሁሴን፣ የሰፈራችን አስታራቂ። "አካም ኦልተን" ተባብለው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጨፋ ማሽላ አውርተው ጨርሰዋል። ሼህ ሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጃችን ሙሄ ባጃጅ ነጂ ነው። ልጃችሁ በየቅዳሜው ትሳፈራለች። ድልድይ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ገበያ አትወርድ፣ ዘመድ አትጠይቅ። ወራት ተሳፍራ አንድም ቀን የትም አልወረደችም። እንግዲህ" አሉና አባዬን አዩት፣ "የትም የማትሄድ ሴት ወዴት ነው የምትሄደው?"

የሒሳብ መምህርት ነኝ ብያችኋለሁ። እኔም ብሆን ከዚህ ማስረጃ ሌላ መልስ አላወጣም ነበር።

"ዹጋ ዱበዹ፣ ኢንተላ ኮ" አለ አባዬ። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ። ልጁን ፈልገሽው ነው? ካልሆነ በየቅዳሜው እዚያ ውስጥ ምን ትሠሪ ነበር?"

አስቡት። በአንድ በኩል የማላውቀው ሰው አለ። በሌላ በኩል "አባዬ፣ ሥልጠና የለም፤ አንድ ዓይናው ሽማግሌ እኔ ነኝ" ማለት አለ። ሦስት ሽማግሎች ፊት! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ስሸሸው የኖርኩት ጥያቄ ሳሎናችን መጥቶ ተቀመጠ። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ከመናገር ማግባት ቀለለኝ።

"ሳምንት ስጡኝ" አልኩ ወለሉን እያየሁ።

"አልሃምዱሊላህ!" አሉ ሼህ ሁሴን። "እምቢ የምትል ልጅ ቀጠሮ አትሰጥም።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም ነግሬው ነገሩን ላቋርጥ ቆርጬ ተሳፈርኩ። ከልማድ ብዛት ግን መጀመሪያ ፍላሹን ሰጠሁት። ቤዙ እንደገና ጉድ አለ። ኑዛዜዬ ጠፋብኝ።

"ይሄ ስፒከር ምን ሆኖ ነው?" አልኩ።

ሙሄ ባጃጁን ዳር አስያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ከእኔ የባሰ ዓይነ አፋር መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ።

"ቲቸር፣ ዘፈን እንደምትወጂ ሳይ… ከባቲ ገበያ ትልቅ ስፒከር አምጥቼ በአሮጌዎቹ ፋንታ ከወንበሩ ሥር ገጠምኩ። ቤዙን የምከፍተው አንቺ ስትገቢ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እጨምርልሻለሁ።"

ገባችሁ? እሱ ለፍቅር ይጨምራል፣ እኔ ለእውነት እቀንሳለሁ፣ በመሀል የከተማው ሙሽራ ሁሉ በትንኝ ይጨፍራል። የማምነው አንድ እውነተኛ ሞኒተር ነበረኝ፤ ወደደኝና ዋሸኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ለእኔ ብሎ ዓለምን ይህን ያህል ያዛባ ሰው ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ትዝ አለኝ። ድልድዩ ጋ እስክንደርስ ንዴቱ አለቀ።

"አሮጌዎቹስ የት አሉ?"

"እናቴ በርበሬ ስታሰጣ ሸራው ላይ ትጭናቸዋለች፤ ነፋስ እንዳይወስድባት።"

ያ ሁሉ ሐቀኝነት በርበሬ ላይ!

ለሽማግሎቹ እሺ አልኩ፤ የኒካሁ፣ የጋብቻ ውሉ፣ ቀን ደረሰ። ሼህ ሁሴን እንደ ደንቡ "መህርሽን ተናገሪ" አሉኝ። መህር ማለት ሙሽራዋ ራሷ የምትጠይቀው፣ የራሷ የሚሆን ስጦታ ነው፤ ሰው ወርቅ ይጠብቃል።

"ሁለቱን አሮጌ ስፒከሮች" አልኩ።

አባዬን ሳል ያዘው። "ኢንተላ ኮ፣ ወርቅስ?"

"ወርቅ አልጠላም። ስፒከሮቹ ይቅደሙ።"

ሼህ ሁሴን እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየኒካሁ እኔን ምሳሌ ያደርጉኛል። "ያቺ መምህርት የጠየቀችው አሮጌ ስፒከር ነው፤ ይህ ነው ልከኝነት!" ይላሉ። በእኔ ምክንያት ቀለበቷ የቀጠነባት የከሚሴ ሙሽራ ሁሉ ይቅር ትበለኝ። በሰርጌ ላይ የአባ ዲቤ ዘፈን ተከፈተ። አባዬ በእግሩ ምቱን እየተከተለ ቆየና "ይሄ ሰውዬ ልብስ ሰፊ መሆን አለበት" አለ።

ስፒከሮቹ ዛሬ በቤታችን ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ማሚቶውን የሚውጥ ፍራሽ አቁሜያለሁ። አልፎ አልፎ አሁንም በርበሬ በርበሬ ይላሉ። አባ ዲቤ እኔ መሆኔን ለሙሄ በሰርጋችን ሳምንት ነግሬዋለሁ። ያልነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በየቅዳሜው የምሳፈረው ለእሱ ሳይሆን ለስፒከሩ እንደነበረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የትም የማትወርደዋን ተሳፋሪ" እየተረከ ሲደሰት፣ በምን አፌ?

ትናንት ሻይ እየጠጣን ጠየቀኝ። "ሀዋ፣ ያኔ ከሦስተኛው ጉብታ ስናልፍ ሁልጊዜ ዓይንሽን ትጨፍኚ ነበር። ምን ታስቢ ነበር?"

"አንተን" አልኩት፤ ፊቴ ጋለ።

"አይ፣ እኔ እንኳ እዚያ ጋ የዘፈኑ ከበሮ ስለሚዘገይ መስሎኝ ነበር።"

ተነስቼ የድሮውን ዘፈን ከፈትኩት። እውነቱን ነው። ዘግይቷል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በሄድፎንም በስፒከርም፣ እኔ አልሰማሁትም።

"ታዲያ ከበሮው መዘግየቱን ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር? ለምን አልነገርከኝም?"

"ኧረ ቲቸር፣ ደስ ይላል እኮ! እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" አለኝ።

ከዚያ ውሃ ጠየቀኝ።